ከርጭት በፊት ድጋፍ፦ የጓሮ ቲማቲም ፊዚክስ

ውኃ በሚያገኝ የወሎ ጓሮ ከጎመኑና ከቃሪያው አጠገብ ጥቂት የቲማቲም ተክሎችን ማየት የተለመደ ነው። በጾም ወቅት የስልሱም ሆነ የፍትፍቱ መነሻ ቲማቲም በመሆኑ፣ አሥር ያህል ተክል በጓሮው ያለው ቤተሰብ ከብዙ የገበያ ወጪ ይድናል። ይሁን እንጂ ተክሉ ቁመት ጨምሮ ፍሬ መያዝ ሲጀምር መሬት ላይ ይተኛል፤ የታችኛው ቅጠሉ ይጠቁራል፤ አፈር የነካው ፍሬም ይበሰብሳል። በዚህ ጊዜ ከጎረቤትም ከሱቅም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «መድኃኒት አስረጩበት» የሚል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት ይህ የምክር ቅደም ተከተል መገልበጥ ይኖርበታል የሚል ነው። በእኛ እምነት የጓሮ ቲማቲም ችግር ወደ ኬሚስትሪ ከመሄዱ በፊት በፊዚክስ ሊታይ የሚገባው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የምናውቃቸው ቶርክ፣ ግፊትና ትነት አንድ እንጨት፣ አንድ ብጣሽ ጨርቅና ሁለት ጣቶች ምን ያህል ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ ያስረዳሉ። እነዚህ ሳይሞከሩ ወደ ርጭት መሮጥ ገንዘብንም ጤናንም አካባቢንም የሚጎዳ ልማድ ነው።

ጉዳዩ ሐይቅን ለምን ይመለከታል?

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና ለከተማዋ ስሙን የሰጠው ሐይቅ፣ ስፋቱ ወደ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከጣና የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው። የጣና ውኃ በዓባይ በኩል ይወጣል፤ የሐይቅ ውኃ ግን በምድር ገጽ ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ከዙሪያው ተዳፋት በጎርፍ የሚገባው ውኃ በአብዛኛው የሚለቀው በትነት ነው። ትነት ደግሞ ውኃውን ብቻ ይወስዳል፤ በውኃው ውስጥ የሟሟውን አይወስድም። ድስት ውስጥ የጨው ውኃ አፍልቶ ያደረቀ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ይህን ስንል ሐይቁ በጓሮ አትክልት ምክንያት ተበክሏል ማለታችን አይደለም። ማለት የፈለግነው፣ እንዲህ ባለ የተዘጋ ተፋሰስ ውስጥ የሚኖር ሰው የሚረጨው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ከሌላው አብልጦ ሊጠይቅ ይገባዋል ነው። ከአንድ ጓሮ የሚወርደው እጅግ ጥቂት ቢሆንም ጓሮዎቹ ብዙ ናቸው፤ ተቀባዩ ግን አንድ ነው። ስለዚህ በእንጨትና በእጅ ሊቀር የሚችል ርጭት ሁሉ ቢቀር ይበጃል።

ጭነትና ዘንግ

በመጀመሪያ ተክሉ ለምን እንደሚወድቅ እንመልከት። አንድ መካከለኛ የቲማቲም ፍሬ 100 ግራም ያህል ይመዝናል እንበል፤ ክብደቱ 1 ኒውተን ገደማ ይሆናል። 30 ፍሬ የያዘ ተክል 30 ኒውተን ተሸክሟል ማለት ነው። ግንዱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይህ ክብደት በግንዱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ነገር ግን ተክሉ ጥቂት ዘንበል ብሎ የፍሬዎቹ የክብደት ማዕከል ከግንዱ መነሻ በ20 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢርቅ፣ በግንዱ ሥር ላይ የሚያርፈው ቶርክ 30 ኒውተን ሲባዛ በ0.2 ሜትር፣ ማለትም 6 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ዘንበል ባለ ቁጥር ርቀቱ ይጨምራል፤ ርቀቱ ሲጨምር ቶርኩ ያድጋል፤ ቶርኩ ሲያድግ ደግሞ ይበልጥ ያዘነብላል። አወዳደቁ መጀመሪያ ቀስ ብሎ በኋላ በአንድ ሌሊት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ተክሉን ከተተከለ እንጨት ጋር እንሰረው። ማሰሪያው ከመሬት 1 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ያንን ቶርክ ለመቋቋም የሚያስፈልገው የጎን ጉልበት 6 ኒውተን ብቻ ነው። ማሰሪያው በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ግን 30 ኒውተን ያስፈልጋል። ተክሉን ከሥሩ ብቻ አስሮ «ታስሯል» ማለት እንግዲህ ብዙ አይጠቅምም። ተክሉ እያደገ ሲሄድ በየ20 ወይም በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አዲስ ማሰሪያ መጨመር ይገባል።

የእንጨቱም ውፍረት ስሌት አለው። የአንድ ክብ ዘንግ ላለመጉበጥ ያለው ጥንካሬ ከዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ አጣና 2 ሳንቲ ሜትር ካለው ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ገደማ ጉብጠትን ይቋቋማል፤ የሚፈጀው እንጨት ግን ሁለት እጥፍ ተሩብ ብቻ ነው። እንጨት ውድ በሆነበትና ተራራው በተራቆተበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ጥቂት ወፈር ያለ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ምርቱ ሲያልቅ ተነቅሎ በደረቅ ቦታ የሚቀመጥ እንጨት ለብዙ ወቅት ያገለግላል። እንጨቱ መተከል ያለበት ችግኙ በሚተከልበት ዕለት ነው፤ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ይግባ። ተክሉ ካደገ በኋላ እንጨት መቸከል ሥሩን መበጣጠስ ይሆናል።

ማሰሪያው

ብዙ ጊዜ ለማሰሪያ የሚውለው ሲባጎ ወይም ቀጭን ሽቦ ነው። ግፊት ማለት ጉልበት ሲካፈል በስፋት መሆኑን እናስታውስ። 6 ኒውተን የሚሆነው ጉልበት 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክር አማካይነት በ1 ሳንቲ ሜትር የግንድ ዙሪያ ላይ ቢያርፍ ግፊቱ 600 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ይህም በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ለስላሳው ግንድ ይህን አይችልም፤ ክሩ ቆርጦት ይገባል። ያው ጉልበት 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ቢያርፍ ግን ግፊቱ ወደ 30 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ሃያ ጊዜ ያንሳል።

ይህ ዕውቀት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ የብራና መጻሕፍት ቅርስ ይገኛል፤ በእርሳቸው ስም የሚታወቀው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1280 እና በ1281 መካከል የተጻፈ ነው። ብራና የሚያዘጋጅ ሰው ቆዳውን በአንድ ገመድ ጎትቶ አይወጥረውም፤ በዙሪያው ብዙ ገመዶች አስሮ ጉልበቱን ያከፋፍለዋል እንጂ። አንድ ቦታ ላይ የተጠራቀመ ጉልበት ቆዳውን ይቀደዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያችንም በመካኒክስ ቋንቋ ሲነገር ይኸው ነው።

ስለሆነም ማሰሪያው ሰፊ፣ ለስላሳና ላላ ያለ ይሁን። በእንጨቱና በግንዱ መካከል እንደ 8 ቁጥር ተጠማዝዞ ቢታሰር ግንዱ እንጨቱን እየታከከ አይቆስልም፤ ሲወፍርም አይታነቅም። በመደዳ ለተተከሉ ተክሎች ከእንጨት ወደ እንጨት አግድም ሲባጎ የሚዘረጉም አሉ። እነርሱ ደግሞ ሲባጎውን እንደ ክራር ጅማት አጥብቀው መወጠር የለባቸውም። 30 ኒውተን ክብደት በመሐሉ የተንጠለጠለበት ሲባጎ ከአግድም መስመር በ5 ዲግሪ ብቻ የረገበ ከሆነ በውስጡ ያለው ውጥረት 170 ኒውተን ይደርሳል። በ20 ዲግሪ እንዲረግብ ቢፈቀድለት ግን ውጥረቱ ወደ 44 ኒውተን ይቀንሳል። አጥብቆ የተወጠረ ሲባጎ ቀድሞ የሚበጠሰው ለዚህ ነው።

የታጠበ ጋቢ

እስካሁን የተናገርነው ስለ መውደቅ ነው። ከመውደቅ የሚከፋው ግን ርጥበት ነው። ሌት ብላይት የሚባለውና በብዙ አካባቢ በደፈናው ዋግ ወይም ምች የሚሉት በሽታ ድንችንም ቲማቲምንም ያጠቃል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብልን አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ላለቀበት ረኀብ መነሻ የሆነው ይኸው ነው። አምጪው ሕዋስ በመልኩ ፈንገስ ቢመስልም ከእውነተኞቹ ፈንገሶች ይልቅ ለአልጌዎች የቀረበ ዝምድና አለው። ቀዝቀዝ ባለ አየር ዘሮቹ ቅጠል ላይ ባለ ስስ የውኃ ንጣፍ ውስጥ ይዋኛሉ። የሚዋኙበት ውኃ ካጡ ይደርቃሉ። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ዝናብ ዘነበ ወይ?» ሳይሆን «ቅጠሉ ለስንት ሰዓት እርጥብ ሆኖ ቆየ?» የሚለው ነው።

የታጠበ ጋቢ በሳፋ ውስጥ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ በማግሥቱም እርጥብ ነው፤ በገመድ ላይ ቢዘረጋ ግን ከቀትር በፊት ይደርቃል። ውኃው፣ ጨርቁና ፀሐዩ ያው ናቸው፤ የተለወጠው አየሩ የሚነካው ስፋትና የነፋሱ መተላለፍ ነው። በእርጥብ ገጽ ላይ የውኃ ተን የጠገበ ስስ የአየር ንጣፍ ይፈጠራል። ነፋስ ሲነፍስ ይህ ንጣፍ ይሳሳል፤ ትነቱም ይፈጥናል። መሬት ላይ ተኝቶ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ ቲማቲም በሳፋ ውስጥ የተረሳ ጋቢ ነው። በእንጨት ተደግፎ የቆመው ደግሞ በገመድ ላይ የተዘረጋው ነው።

ሁለተኛው የርጥበት መንገድ የዝናብ ጠብታ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ያህል ዲያሜትር ያለው ትልቅ ጠብታ መሬት ሲደርስ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ይፈጥናል፤ ይህም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባዶ አፈር ሲመታ ጭቃውን ከነተሸከመው የበሽታ ዘር ወደ ታችኛው ቅጠል ይረጨዋል። በተክሉ ሥር የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ማልበስ የጠብታውን ኃይል ያበርደዋል። ፍሬ መያዝ ሲጀምር ከመጀመሪያው የፍሬ ዘለላ በታች ያሉትን፣ በተለይም መሬት የሚነኩትን ቅጠሎች በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያሉ ማንሳትም እንዲሁ።

መግረዝ፦ ምን ያህል?

በግንዱና በቅጠሉ መጋጠሚያ ብብት ላይ የሚወጣው ቀንበጥ ቢተውት ራሱን የቻለ ሌላ ግንድ ይሆናል። ጫፉ ላይ ያለው ቡቃያ የጎኖቹን እንደሚገታ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1880 ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ ከቡቃያ ጫፍ ወደ ታች የሚተላለፍ መልእክት መኖሩን በሙከራ አመለከቱ። በ1928 ፍሪትስ ቬንት ኦክሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ መለካት ቻለ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቲማንና ስኩግ ኦክሲን የጎን ቡቃያዎችን እንደሚገታ አሳዩ። በ2014 በአተር ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ ጫፉ ሲቆረጥ የጎን ቡቃያውን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው የኦክሲን ማነስ ሳይሆን ወደ እርሱ የሚፈሰው ስኳር መጨመሩ እንደሆነ አመለከተ። አንድ የጓሮ ቀንበጥ ከ130 ዓመት በላይ የዘለቀ ምርምር ምክንያት ሆኗል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ «ቲማቲም ይገረዛል» የሚለው ምክር ለሁሉም ዝርያ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1914 በፍሎሪዳ በተገኘ የተፈጥሮ ለውጥ ምክንያት፣ ጥቂት የአበባ ዘለላ ካወጣ በኋላ ራሱ ማደጉን የሚያቆም ቲማቲም ተገኘ። በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ሮማ ቪ ኤፍ የዚህ ወገን ነው። ይህን ዓይነቱን አጥብቆ መግረዝ ፍሬውን አብሮ መጣል ነው፤ ድጋፍ ይሰጠው፤ ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች ይነሱለት፤ ከዚያ በላይ አይነካ። እንደ መኒሜከር ያለው፣ እስከ መጨረሻው የሚረዝመው ዝርያ ግን በአንድ ወይም በሁለት ግንድ ቢያዝ ይሻላል። ዘር የሚገዛ ሰው ስለዚህ ጠባይ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ እንደ መልካሳና ሲሪንቃ ያሉ የግብርና ምርምር ማዕከላት ዝርያዎችን ከነጠባያቸው ያውቃሉ።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን በተመለከትናቸው የመስታወት ቤቶች ውስጥ ቲማቲም በአንድ ግንድ ብቻ፣ ከጣሪያ በተንጠለጠለ ክር ላይ እየተጠመጠመ ያድጋል። ይህ ለእነርሱ ትክክል ነው፤ ብርሃን ጥቂት፣ የሚሞቀው ቦታም ውድ ነውና። እንዳለ ገልብጦ ወደ ሐይቅ ማምጣት ግን ስሕተት ይመስለናል። ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ በሚርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። ፀሐይዋ የምታልፍበት አየር ስስ ነው፤ ጨረሯም ብርቱ ነው። ቅጠሉ የተራቆተ ፍሬ በቀትር ይለበለባል። ቀይ ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሆን በሚገባ ስለማይመረት ትከሻው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ለአካባቢው ጓሮ ሁለት ግንድ መተው ከአንድ ግንድ ይመረጣል፤ ከፍሬው በላይ ያለው ቅጠልም እንደ ጥላ ይቆጠር።

አገራረዙ ቀላል ነው። ቀንበጡ ከጣት ሳይረዝም፣ ጠሉ ከደረቀ በኋላ፣ ረፋድ ላይ በሁለት ጣት ወደ ጎን ቢሰበር ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። በዝናብ ወይም በጠል መካከል መግረዝ ለበሽታ በር መክፈት ነው። ትንባሆ የሚነካ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ቲማቲም አይንካ፤ የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በእጅ ይተላለፋልና። የታመመ ተክልም በመጨረሻ ይነካ።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ብዙ ግንድ ብዙ ፍሬ አይሰጥምን?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ያልተገረዘ ተክል ብዙውን ጊዜ በቁጥር የበዙ ፍሬዎች ይሰጣል፤ የተገረዘው የሚሰጠው በቁጥር ያነሱ፣ በመጠን የሚበልጡና ቀድመው የሚደርሱ ፍሬዎች ነው። ለቤተሰብ የሚጠቅመው ግን የተቆጠረው ፍሬ ሳይሆን ከመበስበስ ተርፎ ወደ ድስት የገባው ነው።

«በክረምት ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም» የሚልም አይታጣም። የሌት ብላይት ዘር በነፋስ ከሩቅ ይመጣል፤ ዝናቡ ለቀናት ካላባራ የቆመውም ተክል ይታመማል። ያን ጊዜ በባለሙያ ምክር፣ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ ፊትና እጅን ሸፍኖ፣ ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበትን ቀን ጠብቆ መርጨት ግድ ሊሆን ይችላል። እኛ የምንቃወመው ኬሚካልን ሳይሆን ኬሚካል የመጀመሪያው እርምጃ መሆኑን ነው። ጋቢውን ሳያሰጣ «አልደርቅ አለኝ» ብሎ የሚያማርር ሰው አይታዘንለትም።

ለተማሪዎች

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ሁሉ የጻፍነው በቃላችን እንድታምኑን አይደለም። በትምህርት ቤታችሁ ቅጥር ወይም በጓሯችሁ 12 ችግኞችን፣ ሁሉንም አንድ ዝርያና አንድ ዕድሜ፣ ትከሉ። በዕጣ በሦስት ቡድን ክፈሏቸው። አራቱን እንዳሉ ተዉአቸው፤ አራቱን በእንጨት ብቻ ደግፏቸው፤ አራቱን ደግፋችሁ በሁለት ግንድ ግረዟቸው። መካከለኛው ቡድን የግድ ያስፈልጋል፤ እርሱ ከሌለ ልዩነቱ ከድጋፉ ይምጣ ከመግረዙ መለየት አይቻልም። በየሳምንቱ ሁለት ጧት ቅጠሉ ላይ ያለው ጠል በስንት ሰዓት እንደደረቀ መዝግቡ። በለቀማ ጊዜም ጤነኛውንና የበሰበሰውን ፍሬ ለየብቻ መዝኑ። የሚያስፈልገው መሣሪያ የእጅ ሰዓት፣ የወጥ ቤት ሚዛንና ደብተር ብቻ ነው። ውጤቱ እኛ ከተናገርነው ጋር ባይስማማ ደብተሩ ይታመን።

ቶርክን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ያየ ተማሪ ለፈተና ያጠናዋል፤ ከፈተናው በኋላም ይረሳዋል። ይህ የተማሪው ጥፋት ሳይሆን የእኛ የመምህራኑ ድርሻ ይመስለናል። በገዳማዊው ሥርዓት ትምህርትና ተግባረ እድ ተለያይተው አያውቁም፤ በዘመናዊው ትምህርታችን ግን የተማረ ሰው አፈር አይነካም የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሳይንስ ክበባት ከመጪው የችግኝ ወቅት ጀምሮ ይህን ሙከራ ቢያካሂዱና ውጤታቸውን ለዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ቢልኩ፣ በሐይቅ ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች ከማንኛውም የውጭ መመሪያ የተሻለ ምክር ልንሰጥ እንችላለን።